ቀንዳሙ ኮርሳ

ለተሥላሴን ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት ስለ ራሷ የሚወራ ሐሜት ነው። ከላስቲክ መጋረጃው ማዶ የወንድሟ ሚስት ትብለጽ የማታውን ሳህን እያጠበች፣ ድምጿን ዝቅ ያደረገች እየመሰላት፣ «ልጄ በእግሯ ስትንከራተት ብረቱ ግድግዳ ላይ ተንጋሎ ይተኛል» ትላለች። ሰው ስለ ራሱ ሲወራ ሲሰማ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ማሳል፣ ወይ የተኛ መምሰል። ለተሥላሴ የተኛ መምሰሉን መረጠች። ክፍሉ አንድ ነው፤ መጋረጃው ለሁለት ይከፍለዋል እንጂ ድምፅ አይከለክልም። ከወዲህ የእሷ የገመድ አልጋና ከራስጌዋ በሁለት ሚስማር የተሰቀለው ኮርሳ ብስክሌት፣ ከወዲያ የትብለጽና የልጇ የሰሎሜ አልጋ፣ የውሃው በርሜል፣ የዱቄቱ ጆንያ፣ የቀረው ኑሮ ሁሉ። የቤቱ አባወራ ካላዩ፣ የለተሥላሴ ታላቅ ወንድም፣ ዶካ አካባቢ ሰሊጥ አጨዳ ከሄደ ሰንብቷል። ትብለጽ ጎንደር ያደገች ስለሆነች የቤቱ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ትግርኛው ለቁጣና ለጸሎት፣ ዐረብኛው ለገበያ ይወጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሎሜ ከካርቱም ተፈናቅለው ገዳሪፍ ለሰፈሩ ሰዎች ልጆች በተከፈተ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ረዳት ሆና ተቀጥራለች። ቦታው ከከተማዋ ወዲያኛው ጫፍ፣ ከትልልቆቹ የእህል ጎተራዎች ባሻገር ነው። በእግሯ ከሄደች አርፍዳ፣ ልብሷ በላብ ርሶ ትደርሳለች። ባለሦስት እግሯን ረክሻ ልያዝ ካለች ደግሞ፣ ነዳጅ ከጠፋ ወዲህ የረክሻ ዋጋ የሚቀመስ አልሆነም፤ ደመወዟን ለባለ ረክሻው ልትሰጥ ነው የምትሠራው ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት ደጋግማ ስታረፍድ ኃላፊዋ ሴትዮ ጠርታ፣ የሱዳን የሥራ ሳምንት ከሚጀምርበት ከነገ ከእሁድ ጀምሮ አንድ ጊዜ ብታረፍድ በቦታዋ ሌላ እንደሚገባ ቁርጡን ነግራታለች። በቤቱ ውስጥ በየወሩ የሚታወቅ ገንዘብ የሚያስገባ እንግዲህ ይህቺው ልጅ ናት።

ብስክሌቱን አልሞከረችው እንዳይባል ሞክራዋለች። ግን ኮርሳ ነው፤ የእሽቅድምድም። መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ፊት ሄዶ ወደ ታች ይጠመዘዛል፤ ሲነዱት ደረት ከብረቱ ሊጣበቅ ይደርሳል፣ ጀርባ ይጎብጣል፣ መቀመጫ ወደ ላይ ይቀራል። ሰሎሜ አንድ ቀን በዚህ ሁኔታ ሱቅ የሚሉትን የገበያውን መንገድ ብታቋርጥ፣ ሻይ የሚጠጣው ጎረምሳ ሁሉ ብርጭቆውን አስቀምጦ አፏጨባት። እያለቀሰች ገፍታው ተመለሰች፤ ትብለጽም ልጇ ሁለተኛ እዚያ ላይ እንዳትወጣ በእመቤታችን ስም ገዘተች። ቀንዱ ተነቅሎ ቀጥ ያለ መሪ ቢገባለት ሰው ቀና ብሎ፣ እንደ ወጉ እንደ ማዕረጉ ተቀምጦ እንደሚነዳው በቤቱ ውስጥ የማያውቅ የለም። ለብስክሌቱ ባለቤት ለለተሥላሴ ደፍሮ የተናገረ ግን አልነበረም።

«ተይ ዩማ፣ ትሰማለች» አለች ሰሎሜ እናቷን፣ ከመጋረጃው ማዶ።

«ትስማ! እኔ ምን ዋሸሁ?»

«ኸላስ፣ በቃ፣ አሞይን አትንኪብኝ። ሌላ ምን አላት? እሱ ብቻ ነው የቀራት።»

ትብለጽ ያለችው ብዙም አላመማትም፤ የትብለጽ ምላስ እንደ ገዳሪፍ ፀሐይ ነው፣ ይለመዳል። ያንገበገባት የሰሎሜ ነው። የምትወዳት ልጅ፣ የአባቷን እህት አሞይ እያለች የምትሽቀዳደምላት ልጅ፣ እንዲህ ታዝንላታለች ለካ። እሱ ብቻ ነው የቀራት! አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ጥርሷ ሙሉ፣ ጉልበቷ ሙሉ። በሰው ግቢ ልብስ ታጥባለች፣ ሰሊጥ ታበጥራለች፣ ጦም አታድርም። አንድ ብረት የሚጠብቅ ሙት ሆኜ ነው እንዴ የምታየኝ፣ ብላ ብርድ ልብሷን ገፍታ ተነሳች፤ በዚህ ጊዜ አስላ ነው የተነሳችው። ከማዶው የሳህኑ ድምፅ ቆመ።

ቁርስ ሦስቱም ከአንድ ሳህን ፉል በሉ። ትብለጽ ዘይቱ ወዳለበት በኩል ሳህኑን በጣቷ ወደ ለተሥላሴ ገፋ አደረገች፤ ይቅርታ መሆኑ ነው፤ ለተሥላሴም ዳቦዋን ከደረቁ በኩል አጠቀሰች፤ አልተቀበልኩም መሆኑ ነው። ሰሎሜ ሁለቱን እያየች ሳትጠግብ እጇን ሰበሰበች። እጃቸውን እንደታጠቡ ለተሥላሴ አልጋው ላይ ወጥታ ብስክሌቱን አወረደችው።

«ሱቅ ልወስደው ነው» አለች።

ትብለጽ ደነገጠች። «ልትሸጪው ነው? ኧረ ለተ፣ እኔ እኮ...»

«ቀንዱን ላስነቅለው ነው።»

ሰሎሜ አፏን በመዳፏ ያዘች። ቀጥላም ጫማዋን ስትፈልግ፣ አብሬሽ ልምጣ ስትል፣ ለተሥላሴ አንቺ ልብስሽን እጠቢ ብላ ከለከለቻት። ብቻዋን ልታደርገው ፈልጋለች። የሚወዱትን ነገር ሲሰጡ ተቀባዩ ቆሞ ሲያይ ደስ አይልም፤ የሰጪው ፊት ያሳብቃል።

ብስክሌቱን እንደ ጥንቱ ከኮርቻው ብቻ ይዛ ነዳችው። ኮርሳ ነጂ ብስክሌቱን በመሪው ይዞ አይገፋም፤ አንድ እጁን ኮርቻው ላይ አድርጎ ወደሚፈልግበት ያዘነብለዋል፣ እሱም አውቆ ይሄዳል። ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ጥቁሩ የገዳሪፍ ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በየስንጥቁ ጎማው እንዳይገባ እየመረጠች አለፈች። ጆንያ የተቆለለባቸው የሰሊጥ መኪኖች ወደ ገበያው ተሰልፈዋል። ከካርቱም የመጡት ሴቶች በነጫጭ ቶባቸው ተጠቅልለው ዳቦ ቤቱ ደጅ ቆመዋል፤ አንዷ ብስክሌቱን ከዚያም ለተሥላሴን አይታ ፈገግ አለች። ለተሥላሴ ፈገግታውን መለሰች። በጦርነቱ ጊዜ ሑመራ ላይ ሁሉን ጥላ ወጥታ ብስክሌቱን በትከሻዋ ተሸክማ ተከዜን ስትሻገር፣ ሰው እህል ይዞ ይሰደዳል አንቺ ጎማ ይዘሽ ትሰደጃለሽ ብለው የሳቁባት ሰዎች ትዝ አሏት። እነሱ ያኔ የያዙት እህል አልቋል፤ የእሷ ብስክሌት ግን አለ። እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ባሰበች ቁጥር ትንሽ ትኮራ ነበር።

ብስክሌት ጠጋኙ ዓም ኦሼክ ከሱቁ ጀርባ በአንድ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ይሠራል። ሽማግሌ ነው፤ በደርግ ጊዜ ከመጡት ስደተኞች ጋር ጎረቤት ሆኖ ስለኖረ አማርኛ ይሞክራል። ቅርንጫፉ ላይ የብስክሌት ጎማ፣ ሰንሰለት፣ የሕፃን ብስክሌት መሪ እንደ ሥጋ ቤት ተሰቅሏል። ምን እንደምትፈልግ ስትነግረው ኮርሳውን ዞሮ ዞሮ አየው።

«ያ ሰላም! ይሄ ቀንድ ቆንጆ ነው ያ ኡኽቲ፣ እህቴ። ለምን ይወጣል?»

«ለልጅ ነው። የወንድሜ ልጅ ልትነዳው ነው።»

«ጠይብ፣ እሺ። ልጅቱ የት አለች? ትምጣ፣ ትቀመጥ፣ እጇን ልይ።»

«እኔ አለሁ አይደል? እኔ አውቀዋለሁ» አለች ለተሥላሴ። ዓም ኦሼክ ትከሻውን ነቅንቆ ቢላዋ አነሳ፤ በመሪው ላይ የተጠቀለለውን ጥቁር ናስትሮ በአንድ ጊዜ ሊቀደው። ለተሥላሴ እጁን ያዘችው። «ቢላዋ አታስገባበት። እኔ እፈታዋለሁ።»

ዝቅተኛዋን በርጩማ ሳበችና ብስክሌቱን ጉልበቷ መሀል አድርጋ ጀመረች። ከላይ ያለው ጥቁሩ የኤሌክትሪክ ናስትሮ የገዳሪፍ ነው፤ ፀሐይ አቅልጦት ከጣት ይጣበቃል። እሱን ብቻ ነው በራሷ እጅ የጠቀለለችው። በወጣትነቷ ትወዳደርበት በነበረው የመቐለ ክለብ ሰው የገዛ መሪውን አይጠቀልልም ነበር። እሁድ እሁድ ወደ ውቅሮ ደርሰው ሲመለሱ፣ ከአንቺ ቀድሞ የገባ ሰው በማግስቱ መጥቶ ያንቺን መሪ ይጠቀልልልሻል። ቀደምኩ ብሎ እንዳይኮራ፣ ተቀደምኩ ብለሽ እንዳታኮርፊ ነው ይባል ነበር። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ገንዘብ ስላልነበራቸው አሮጌውን አይፈቱትም፤ በላዩ ይደርቡበታል። በዚህ የተነሳ የእሷ መሪ እያደር ወፈረ፤ ዓመታት ሲደራረቡ የሸንኮራ አገዳ አክሎ ነበር፣ እጇም ከሱ ጋር ሰፋ።

ከጥቁሩ ሥር ቢጫ ወጣ። ይህ የክለብ ጓደኛዋ የፊዮሪ ነው። ፊዮሪ ሁልጊዜ በአንድ ጎማ ትቀድማታለች፣ ሁልጊዜ። የኲሓን ዳገት አብረው ይወጡታል፣ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ፊዮሪ ዘወር ብላ አይታ «ነይ እንጂ!» ትልና ትሄዳለች። ሰኞ ስትመጣ ደግሞ ስትጠቀልል እጇ ጥብቅ ነው፤ አንድ ቦታ አይጨማደድም። አሁን የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው ለተሥላሴ አላገኘችም። ከቢጫው ሥር ቀይ፣ ከቀዩ ሥር ሰማያዊ። የሰማያዊው ዓመት መንገድ ዳር ያሉ ሴቶች ከየደጃቸው ወጥተው በጣሳ ውሃ ይደፉባቸው ነበር፤ አንዲቷ ሴትዮ ጠላ ደፍታባት ውድድሩን ሙሉ ጌሾ ጌሾ እየሸተተች ጨርሳለች። ብቻዋን ሳቀች። ዓም ኦሼክ ቀና ብሎ አይቷት ሻይ አዘዘላት፤ ያበደች ሳይመስለው አይቀርም።

ከሁሉም ሥር ነጭ የነበረ፣ አሁን የሻይ ቀለም የያዘ ጥጥ ጨርቅ አገኘች። ይህ የካላዩ ነው፣ የመጀመሪያው። ብስክሌት ያስተማራት እሱ ነበርና የመጀመሪያውን እሁድ የቀደማትም እሱ ነው። የጠቀለለው ግን በተቃራኒው ነበር፤ ከላይ ወደ ታች። እንዲያ ሲሆን እጅ በተጫነው ቁጥር ይላላል፣ ቁልቁለት ላይ ይፈታል። አሰልጣኙ አይቶ ከት ብሎ ስቆ ነበር። እሷ ግን አላስፈታችውም፤ በላዩ እያስደረበች ኖረች። ያ በብስክሌት የሚበር ካላዩ ዛሬ ወገቡን ይዞ ከሰሊጥ ማሳ ይመለሳል፤ ሲመጣ ስለ መኸሩ፣ ስለ ዱቄት ዋጋ ያወራል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ግን ቀና ብሎ አያይም። እሷም አትጠይቀውም። ወንድምና እህት በአንድ ክፍል ውስጥ ስለ አንድ ነገር ለዓመታት ዝም ሊባባሉ ይችላሉ፤ ከባድ አይደለም፣ አንድ ቀን ዝም ማለት ነው እንጂ የሚከብደው፤ ቀሪው በራሱ ይሄዳል። ለተሥላሴ እንባዋን በክንዷ ጠረገች፣ ጣቷ ጥቁር ሙጫ ነበርና።

ብረቱ ባዶውን ሲቀር ቀሪው ሥራ የዓም ኦሼክ ሆነ። ቡሎኑን ፈትቶ ቀንዱን አወጣና ከዛፉ ላይ ቀጥ ያለ የቻይና መሪ አውርዶ አስገባ። ቀጭን ሆኖ ዞረ፤ የኮርሳው አንገት ሰፋበት። ከለስላሳ ቆርቆሮ ስስ ቁራጭ ቆርጦ ጠመጠመበትና አጠበቀው፤ ያዘ። የድሮው የፍሬን ሽቦ ጫፉ ከአዲሱ እጀታ ጋር አልገጥም ስላለ አዲስ ሽቦ ገባ። የማርሹ ዘንግ ታች ከብረቱ ላይ ስለሆነ አልተነካም። ሁለቱን የፍሬን እጀታዎች ግራና ቀኝ ካሰረ በኋላ ሽቦዎቹን በእጁ ይዞ ጠየቃት።

«የፊቱ ፍሬን በየትኛው እጅ? እዚህ ሰው ሁሉ በግራ ነው።»

«በቀኝ ነው እንጂ! ይሄ ምን ጥያቄ አለው?»

በቀኝ አሰረው። ዋጋ ሲነጋገሩ ቀንዱን ለምን አልይዘውም አለ፤ ከድሮው የፍሬን እጀታ ጋር ለድካሙና ለዕቃው እንዲሆን። ምን ያደርግልሃል ብትለው ለሱቅ በር እጀታ የሚፈልግ ሰው አውቃለሁ አላት። ለተሥላሴ ቀንዱን አንድ ጊዜ በሁለት እጇ ያዘችውና ሰጠችው። የናስትሮውን ክምርም ከጥራጊው ጋር ተወችው፤ የካላዩን ጨርቅ ጭምር። ብታመነታም ተወችው። ከሰጡ አይቀር ጠቅልሎ መስጠት ነው አለች በሆዷ። ከዛፉ ጥላ ስትወጣ የሆነ ነገር ቀልሏት ነበር። ሱቁን እንዳለፈች፣ ሰው ባነሰበት ቀጥ ባለው መንገድ ላይ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣችበት። እንደ ወንበር ነው! ቀና ብሎ ነው የሚኬደው፤ አጥሩን፣ የሰውን ግቢ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ሁሉ እያየች ሄደች። አንድ አህያ ስትገባባት ቀኝ እጇ ሳታዝዘው ነካ አደረገና ብስክሌቱ እንደ ቅቤ ቆመ። ይቺ ልጅ ታድላ፣ አለች።

ከቀትር በኋላ ግቢ ስትደርስ ሰሎሜ ልብስ ከምታሰጣበት እየሮጠች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «ወላሂ አሞይ፣ ወላሂ!» አለች። ትብለጽ ውሃ በጣሳ ቀድታ መጣችና ለተሥላሴን አስታጠበቻት፣ ሙጫው በውሃ እንደማይለቅ ስታይ ደግሞ ዘይት አምጥታ ጣት ጣቷን አሸችላት። የጠዋቱ ነገር በዚያው አለቀ። ሰሎሜ ከሱሪዋ በላይ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ሸሚዝ ለብሳ፣ ሻሿን አጥብቃ ወጣች። ብስክሌት የለመደችው መጀመሪያ ድንበር ተሻግረው ወድ ኤል ሒለው ሰፍረው ሳሉ፣ በጎረቤት የቻይና ብስክሌት ነው፤ ስለዚህ የሚያስተምራት አላስፈለጋትም። ሁለቱ ሴቶች የአጥሩ በር ላይ ቆሙ። አንድ ጊዜ እስከ መንገዱ መሀል ደርሳ ተመለሰች፤ ቀና ብላ፣ ጀርባዋ ቀጥ ብሎ፤ ያፏጨ የለም፣ የውሃ ጋሪ የሚነዳው ሰውዬ እንኳ መንገድ ለቀቀላት። ሁለተኛውን ወደ ቁልቁለቱ ፈጠን አለች። ከታች ፍየሎች ከአጥር ሥር ብቅ ሲሉ ብስክሌቱ ከኋላው ተነሳ፣ ሰሎሜም በመሪው ላይ አልፋ ተወረወረች።

ለተሥላሴ ነበረች ቀድማ የደረሰችው። ደርሳም ያደረገችውን ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ የማትረሳው ነው፤ ጎንበስ ብላ በመጀመሪያ ብስክሌቱን አነሳች። ጎማውን አሽከረከረች፣ መሪውን አየች። በውድድር እንዲያ ነው ደንቡ፤ ሰው ሲወድቅ አጠገቡ ያለ ብስክሌቱን ያነሳለታል፣ ነጂው ራሱ ይነሳል። ሰሎሜ ግን ተወዳዳሪ አልነበረችም። አቧራው ላይ በሆዷ ተዘርግታ፣ አገጯ ተሰንጥቆ፣ ሁለቱን መዳፎቿን ወደ ላይ ገልብጣ ይዛ እያየቻት ነበር። ትብለጽ ከኋላ ደርሳ ይህን አየች። አልጮኸችም። ልጇን ብብቷ ሥር ይዛ አነሳችና «ብረትሽ ደህና ነው?» አለች፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። ብትሰድባት ይሻል ነበር።

አገጯን በጨው ውሃ አጠቡላት፣ መዳፏን በንጹሕ ጨርቅ አሰሩላት። የተሰበረ ነገር የለም። ሰሎሜ ማልቀሷን ስትጨርስ እንደ ጥፋተኛ ቀስ ብላ ተናገረች። «ሽዋይ፣ ትንሽ ብቻ ነው የያዝኩት አሞይ። ቀስ ለማለት ሁልጊዜ ቀኙን ነው የምነካው፣ የኋላውን።» ለተሥላሴ በርጩማዋ ላይ ቁጭ እንዳለች ቀረች። በቀኝ ነው እንጂ፣ ይሄ ምን ጥያቄ አለው! ሽማግሌው ልጅቷ ትምጣ፣ እጇን ልይ ብሎ ነበር። ለዚህች ልጅ ቀንዱን፣ ናስትሮውን፣ የካላዩን ጨርቅ ሳይቀር ሰጥቻለሁ ብላ ስትመጻደቅ፣ ለካ ብስክሌቱን ለራሷ እጅ ነው አሰርታ ያመጣችው። ኲሓ ዳገት ላይ ለምትወጣ፣ ከሃያ ዓመት በፊት ለነበረች ልጅ። ሰጠሁ አለች እንጂ አልሰጠችም።

«ነገም በእግሯ ትሄዳለች» አለች ትብለጽ፣ ለማንም ሳይሆን። «ብታረፍድም ታረፍዳለች። ሥራው ይቅር፤ ሁለተኛ እዚያ ላይ አትወጣም።»

«ጥፋቱ የብስክሌቱ አይደለም ትብለጽ፤ የኔ ነው» አለች ለተሥላሴ። «ለሷ ሳይሆን ለራሴ ነው ያሠራሁት። ሳልጠይቃት።» ትብለጽ የቀረውን ውሃ አውጥታ ደፋችና ጣሳውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

ፀሐይዋ ከጎተራዎቹ ጀርባ ልትገባ ስትል ለተሥላሴ ከጎረቤት ፒንሳና የቡሎን መፍቻ ተውሳ መጣች። ሰሎሜን ከብስክሌቱ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻትና፣ ዓይንሽን ጨፍኝ አለቻት። «መንገድ ላይ ነሽ። ከፊትሽ ፍየል ወጣ። ያዢ።» በጨርቅ የታሰሩት እጆች አየሩን ጨበጡ፤ ግራው ቀስ ብሎ፣ ቀኙ ቀድሞ ጠበቅ ብሎ። «እንደገና።» ያው ነው። ለተሥላሴ ሽቦዎቹን ፈታች። ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ አልቆም እያለ ሲዘም፣ አንድ ሰው መጥቶ የፊቱን ጎማ በሁለት ጉልበቱ መሀል ጥርቅም አድርጎ ያዘው። ትብለጽ ናት። ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራለች፣ ጎማውን ግን አልለቀቀችም። ለተሥላሴ የፊቱን ሽቦ ወደ ግራ፣ የኋላውን ወደ ቀኝ አሻግራ አሰረች። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች። እጀታው ይርቅሻል? አዎ፣ ትንሽ። አቀረበችው። ኮርቻውስ? እግሬ መሬት ቢነካ ደስ ይለኛል አለች ሰሎሜ፣ እያፈረች። ኮርሳ ነጂ እግሩ መሬት እንዲነካ አይፈልግም፤ ሊስቁበት ይችላሉ። ለተሥላሴ ኮርቻውን ከዚያ በፊት ዝቅ ብሎ ወደማያውቅበት ድረስ ዝቅ አደረገችው።

«እጅሽ እንዲህ ሆኖ ግን...» አለች ትብለጽ።

«ከሥራ በፊት ዛሬ መሞከር ይሻላል ዩማ» አለች ሰሎሜና ተነሳች።

በዚያው ቁልቁለት ነው የሄደችው። ሁለቱ ሴቶች የአጥሩ በር ላይ ጎን ለጎን ቆሙ፤ ትከሻ ለትከሻ ቢነካኩም አልተያዩም። ልጅቷ ፍየሎቹ የወጡበትን ቦታ አለፈች፣ ፍጥነቷ ጨመረ፤ ወደ አስፋልቱ መጋጠሚያ ስትጠጋ አንድ የሰሊጥ መኪና ጡሩንባውን እየነፋ መጣ። የለተሥላሴ ቀኝ እጅ በራሱ ጊዜ ተጨበጠ፣ ጣቶቿ እስኪነጡ። ከታች ሰሎሜ ቀስ ብላ፣ በራሷ እጅ፣ በራሷ ልክ አቆመችው። አንድ እግሯን መሬት ላይ አሳረፈች፣ መኪናውን አሳለፈች፣ ግራና ቀኝ አየች፤ ከዚያ ወደ ቤት አልዞረችም፣ ወደ ከተማው፣ በሥራዋ መንገድ፣ ታጥፋ ከዓይን ተሰወረች።

«እንዴ! የት ልትሄድ ነው? መሽቶ የለ እንዴ?» አለች ትብለጽ ተደናግጣ። «ጥሪያት እንጂ ለተ፣ ያንቺ ድምፅ ይሰማል።»

ለተሥላሴ የተጨበጠ እጇን አይታ ፈታችው። «ምን ብዬ ልጥራት? ብስክሌቱ የሷ ነው» አለች። እንባዋ መጣ፤ በዚህ ጊዜ አልጠረገችውም። ሁለቱም ባዶውን መንገድ እያዩ እዚያው ቆሙ።